በአባቴ ብራና ላይ የቢሻው ጊታር

…እና ሦስት መስመር ነው የቀረው፣ ከሦስት መስመር በኋላ አባቴ ገጹን ይገልጣል፣ ሲገልጥ ያበላሸሁትን ያገኘዋል፣ አይ፣ ቢያገኘውማ ደግ ነበር፣ አያገኘውም፣ ይዘምረዋል፣ እኔ የጻፍሁለትን ምልክት አምኖ በዚህ ሁሉ ካህን ፊት የጊታር ዜማ ያወርደዋል፣ በዐቢይ ጾም፣ በጠራራ ቀትር፣ ከበሮና ጸናጽል እንኳ አፋቸውን በዘጉበት ወቅት። ምናለ ዛሬ እንኳ ቀስ ቢል። ጣቱ መስመሩን ይከተላል፣ ከንፈሩ ከጣቱ ኋላ ይሄዳል፣ መቋሚያዬን ጨብጫለሁ።

ጠዋት ነው ያየሁት። ጾመ ድጓውን ተሸክሜ ስመጣ ከደጀ ሰላሙ ዛፍ ሥር አረፍ አልሁና እስቲ የዛሬውን ገጽ ልየው ብዬ ገለጥሁት፣ ቃሉ ልክ ነው፣ አንዲት ፊደል አልሳትሁም፣ ከቃሉ በላይ የተደረደሩት ደቃቅ ምልክቶች ግን፣ ዜማው የሚመራባቸው፣ ደረት መሆን የነበረበት ጭረት ሆኗል፣ ድምፁ ሊወርድ በሚገባው ላይ ይሰቀላል፣ በልቤ አዜምሁት፣ አንዱን መስመር ሳልጨርስ ክው አልሁ። የቢሻው ነው። ወረታ የሰማሁት የቢሻው ጊታር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ብራና በቢላ ይፋቃል፣ ቢላ አልያዝሁም፣ በጥፍሬ እንኳ ልጀምረው ስል ዲያቆን ካሴ ደረሰ፣ አምጣው አትሮንሱ ላይ ላድርገው የኔታ ቆመው ይጠብቃሉ አለኝ፣ ሰጠሁት። ለምን ሰጠሁት። እጄን ዘርግቼ ሰጠሁት እኮ።

ሁለት መስመር።

ልንገረው ብል ምን ብዬ፣ የኔታ የሚቀጥለውን ገጽ በቃልዎ ይምሩት ልበል፣ በቃሉማ የለም። አምና ክረምት ሜዳውን ውኃ እንደዋጠው ንዳድ ጣለው፣ ሃያ ቀን ተቃጠለ፣ ሥጋው ተመለሰ፣ ድጓው አልተመለሰም። አርባ ዓመት በቃሉ ያስተማረ መሪጌታ አንድ ቀን ከጎጆው ጠራኝና በሩን ግጠመው አለኝ፣ ልጀ፣ ድጓው ከውስጤ ወጥቷል፣ ስፈልገው አጣዋለሁ፣ ሰው እንዳይሰማ። ጐላ አርገህ ጻፍልኝ፣ እያየሁ እመራለሁ፣ ዐይኑ ደከመ ቢሉኝ ግድ የለም፣ ልቡ ጠፋ እንዳይሉኝ ነው። እና ጻፍሁለት። ሰባት ወር። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ እኔና ያ ጎጆ፣ የአባቴ ክብር በሙሉ እኔ በጻፍሁት ብራና ላይ ነው የቆመው፣ እኔ ደግሞ…

ግራጌታ አዛናው ከፊት ለፊት። ዐይኑን ጨፍኗል፣ አልተኛም፣ እንዲህ ነው የሚሰማው። የአባቴን ቦታ ስንት ዘመን ጠበቃት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይሄም ያናድደኛል፣ ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ፣ ዜማ ሲጣመም ግን እናቱም ብትሆን አያልፋትም።

ያን ቅዳሜ ወረታ ባልወርድ ኖሮ፣ ቀይ ቀለም አለቀብኝና ነው የወረድሁት፣ በቁሐር በኩል፣ ከብቱን እየከፈልሁ፣ ጭቃው ካልሲ ሆኖልኝ፣ ገበያው ሳልደርስ ከቀበሌው አዳራሽ መስኮት የሆነ ነገር ወጣና እግሬን ያዘው። ክራር አይደለም፣ ክራር አውቃለሁ፣ በገናም አውቃለሁ፣ ይሄ ከክራር ይወፍራል ከበገና ይፈጥናል፣ አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ይደርስበታል፣ አራራይ ነው አልሁ፣ ቆይ አይደለም አልሁ፣ ይወርዳል ስል ይወጣል፣ እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ፣ ሻሹን የጠመጠምሁት እኔ፣ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ፣ ጓድ ደብተራ በመስኮት ምን ታጮልቃለህ በር አለን እኮ አለኝ አንዱ ከውስጥ። ቢሻው። የወረዳው ኪነት ቡድን ጊታር መቺ፣ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ጸጉሩ የጎፈረ፣ ሳቁ የማይቆም። ዘፈኑ ምን ይባላል አልሁት፣ ስም የለውም ቃልም የለውም አለ፣ ካድሬው ቃል እስኪሰጠው የራሴ ነው፣ የሰጠው ዕለት ስለ ምርት ዘመቻ ይሆናል በቃ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ ማን ሰማን አልሁ።

ጊታሩን ያዘው አለኝ።

ያዝሁት። ሆዴ ላይ ሲነዝር፣ ጌታ ሆይ፣ ድምፅ በጆሮ ብቻ የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ጣትህን እዚህ፣ ጠበቅ፣ ይቆርጥሃል ግዴለም ይለምደዋል። ግራ እጄ ሥራ አግኝቶ አያውቅም፣ ብርዑም ቢላውም የቀኙ ነው፣ ብራና ከመያዝ በቀር ምን ሠርቶ ያውቃል፣ ያን ቀን ግን ሥራ አገኘ፣ ጫፉ ቆሰለ፣ ደስ አለኝ፣ በቁስል ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስድስት ቅዳሜ። አባባ ቀለም አለቀ፣ አባባ ቀለሙ ቀጠነ፣ አባባ ያኛው ነጋዴ አታለለኝ፣ ሂድ ልጀ ሂድ ይለኛል፣ ማታ መቋሚያዬን አግድሜ ጣቶቼን እደረድርበታለሁ፣ አውታር የለው ድምፅ የለው፣ እኔ ግን እሰማዋለሁ። በስድስተኛው ቅዳሜ ያችን ዜማ እየተደናበርሁም ቢሆን መታኋት፣ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቢሻው እጄን ያዘው፣ በቃ እስከዚህ ነው፣ የቀረውን ገና አላገኘሁትም፣ ቅዳሜ ና። ቅዳሜ ሄድሁ። አዳራሹ ተቆልፏል፣ ጠራጊዋ ገላነሽ ደጁ ላይ ቆማ፣ ጭነዋቸው ሄዱ የኔ ጌታ፣ ወደ ሰሜን ነው አሉ፣ ጦሩ ያለበት፣ ከነጊታሩ። ለምን ያህል ጊዜ ነው ብዬ ጠየቅኋት፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ መጥረጊያዋን ነው ያየችው።

ይህን ገጽ የጻፍሁት ያን ሳምንት ነው። አስቤ አይደለም። አስቤ ነው? እንዳይጠፋኝ ፈርቼ ነበር፣ ከአባቴ ድጓው ከጠፋ ይህማ በአንድ ጀንበር ነው የሚጠፋ፣ ቀንና ሌሊት እደግመው ነበር፣ ቃሉን ጽፌ ምልክቱን ስጥል ጆሮዬ ወረታ ነው፣ እጄ ደግሞ ከጆሮዬ በቀር ማንን ያውቃል።

ገለጠ።

ተው፣ ሳል ያዘኝ በል፣ ውኃ በል፣ ሩጥና መጽሐፉን ጣለው፣ አባቴ ትንፋሹን ይስባል፣ ጣቱን ያስቀምጣል፣ ይጀምራል፣ ወየው፣ ያምራል። በሱ ድምፅ ያምራል። ያ የገረጀፈ ወፍራም ድምፅ ይወርዳል ስትለው ይወጣል፣ ቢሻው ይሄን ቢሰማ፣ ካህናቱ ተቀበሉት፣ መሪ ሲመራ ተመሪ ይቀበላል፣ ሠላሳ መቋሚያ ባንድ ላይ ዘመመ፣ የጊታሩን ዜማ ሠላሳ ሰው ተሸከመው፣ ለአንዲት መስመር ብቻ ፍርሃቴን ረሳሁ፣ ጠጉሬ ቆመ፣ ከዚያ የግራጌታ አዛናው መቋሚያ ወለሉን መታ። አንድ ጊዜ። ሁሉም ቀጥ አለ።

የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይህ ከየት የመጣ ዜማ ነው፣ የድጓው ምስክር ቤተ ልሔም እንዲህ አላስተማረችንም። የአባቴ ጣት ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሰ፣ በቀስታ ሄደ፣ ቆመ። ዐወቀ። ሳያየኝ ዐወቀ። መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው ይላል ግራጌታ፣ ሁሉም ያውቃል ማን እንደሆነ፣ ዐይን ሁሉ ወደ እኔ፣ እኔ ነኝ በል፣ በል እንጂ፣ ሁለት ቃል ናት።

ልጁ የጻፈው ልክ ነው አለ አባቴ። የሳትሁት እኔ ነኝ። ዐይኔ አይደለም፣ እግዜር የሚያየውን ምን እሸሽጋለሁ፣ ከንዳዱ ወዲህ ድጓው ከውስጤ ወጥቷል፣ አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ ከእንግዲህ ግራጌታ ይምሩ።

ይኸው ተናገረው። ሰባት ወር የደበቅንለትን በገዛ አፉ፣ ለኔ ሲል፣ ውሸት ነው በል፣ እኔ ነኝ በል፣ አሁንም አልረፈደም፣ ግራጌታ አዛናው ዐይኑ እንባ አቅርሯል፣ ሄዶ መጽሐፉን በቀስታ ያጥፈዋል፣ በቃሉ ይጀምራል፣ በትክክለኛው፣ መቋሚያዎቹ ይነሣሉ፣ አሁን ረፈደ። አባቴ መቋሚያውን ተመርኩዞ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፣ ከተማሪ ተራ፣ ከታች። ትከሻው ትከሻዬን ነካው። ይረግመኛል። ይርገመኝ።

ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው፣ የጾም ትንፋሽ፣ ከዚያ ወዲያስ እንዴት ይላል?

የቱ የኔታ?

መስመሩ አለቀ፣ ዜማው አላለቀም፣ ከዚያ ወዲያስ?

አላውቅም አባባ። እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የማውቀው፣ የጀመረው ሰው ራሱ አላገኘውም ነበር፣ ወሰዱት፣ ይሄን ሁሉ ልለው እፈልጋለሁ፣ የወጣልኝ አላውቅም ብቻ ነው፣ ግራ እጄ መቋሚያው ላይ ጣቶቹን ይደረድራል፣ አውታር በሌለበት ይጫናል፣ እዚያችው ቦታ ይደርስና ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ይቆማል፣ አባቴ ጆሮውን ወደ እኔ እንዳዘነበለ ይጠብቃል።