አምስተኛው ቦታ

የጤና መድን ካርዳችን ላይ አራት ሰው ነው ያለው፤ ባሌ ሸፊ፣ እኔ ጀዊሪያ፣ ልጃችን ኢልሀምና ወንድሟ ኑሕ። የወረዳው ልጅ ሲመዘግበን «እስከ አምስት ሰው ክፍያው ያው ነው» አለ። እሱ ተናግሮ ሄደ፤ እኔ ግን ሰላሜን አጣሁ።

ሸፊ አዲሱ ገበያ ሱቅ አለው። የተከፈለበት ነገር ሲባክን ማየት አይችልም። ሻይ ካዘዘ ስኳሩ አልሟሟ እስኪል ይጨምራል፤ «ከዋጋው ውስጥ ነው» ይላል። ያን ቀን እራት ላይ ካርዱን ሲያገላብጥ ቆየና፣

«አንድ ቦታ ባዶ ነው» አለኝ።

«ይሁና።»

«እንዴት ይሁና? ታክሲ እንኳን ሳይሞላ አይነሳም!»

«እና ማንን ልትጭን ነው?»

«አንድ ልጅ ብንጨምርስ? መውለጃው በመድን፣ ሕክምናው በመድን…»

«ማሳደጊያውስ?»

«ልጅ ሪዝቁን፣ ሲሳዩን ይዞ ይመጣል።»

እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለቱን ወልጄ ወገቤ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ ያውቃል። ሦስተኛ አልወልድም፤ በቃ። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ስወጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሸፊም ያውቃል፣ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አሁን ደግሞ የመወጊያዬ ቀን ደርሶ ነበርና በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የመድን መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ካርዴን አየችና «መከላከያ በመድን አይያዝም፣ ነፃ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ነፃው ክፍል ስገባ ነርሷ ቤርሳቤህ «እናቴ፣ መርፌው አልቋል» አለች።

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

እሺ፣ ከፍዬ እወጋለሁ ብዬ ክፍያ መስኮት ሄድኩ። እዚያ ያለው ልጅ ደነገጠ። «በነፃ የሚሰጥ መድኃኒት እንዴት እንሸጥልዎታለን? ያስጠይቀናል!»

«ቆይ፣ በደንብ ይግባኝ» አልኩት። «ነፃ ስለሆነ መድን አይሸፍነውም። ነፃ ስለሆነ አትሸጡትም። ነፃ ስለሆነ አልቋል። ለመውለድ ብመጣስ?»

«ለመውለድማ ይምጡ! አልጋም አለ፣ ጓንትም አለ» አለኝ፤ ከልቡ ነው።

ቤት ገብቼ ለሸፊ «መርፌው እስኪገኝ አንተ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ» አልኩት። ፈገግ አለ። ገዢ ሲጠብቅ ቢውል የማይሰለቸው ሰው ነው፤ እኔንም ሊጠብቀኝ እንደሆነ ገባኝ። ያቺ ፈገግታው አናደደችኝና ወራቤ ደወልኩ።

ወራቤ አማቴ እማማ ሀጂራ አሉ፤ ከሸፊ እህት ጋር ነው የሚኖሩት። ስኳርም ግፊትም አለባቸው። «ልጄ ሱቅ ከፍቶ ረሳኝ» ማለትም አለባቸው። «እማማ፣ ሸፊ አምስተኛ ሰው አጥቶ ተጨንቋል፤ ይድረሱለት» አልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ከነፍራሻቸው መጡ። ሸፊ እናቱ ፊት «አይሆንም» ሊል? ወረዳ ወስጄ አስመዘገብኳቸው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። አንዱን ልጆቹ ይዘውታል። እማማ ደግሞ ብቻቸውን መተኛት ይፈራሉ። ፍራሻቸው ከአልጋችን ጎን ተነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ሸፊ ገና ገልበጥ ሲል፣

«ማነው? ሸፊ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማ።»

«ምን ሆንክ ልጄ? ሆድህን ነው?»

«ምንም አልሆንኩ እማ።»

«ውሃ ላምጣልህ?»

ወላሂ፣ እንዲህ ያለ መከላከያ የትም ጤና ጣቢያ የለም። ወረፋ የለው፣ አያልቅ። ጉዳቱ ማንኮራፋቱ ብቻ ነው።

ሸፊ እየከሳ ሄደ። አንድ ቀን ሱቅ አስጠራኝና ከከረጢቶቹ ኋላ ወስዶ በሹክሹክታ፣ «ጀዊሪያ፣ እማን ወራቤ እንመልሳት» አለኝ።

«መርፌው ሳይገኝ?»

«እኔ አገኘዋለሁ!»

ሰርግ ቢጠራ ሱቅ የማይዘጋው ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለውን ፋርማሲ ሁሉ ዞረ። ሲመለስ ላብ በላብ ሆኖ፣ መርፌዋን እንደ ወርቅ በመሀረብ ጠቅልሏታል። ዋጋዋን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቤርሳቤህ መረመረችኝና «እርግዝና የለም» ብላ ወጋችኝ። አልሀምዱሊላህ አልኩ።

ሸፊ ደጅ ሲጠብቀኝ ነበር። ቤት እንደገባን፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣

«እማ፣ ነገ መናኸሪያ ልሸኝሽ?» አለ።

«የት ልሄድ?» አሉ እማማ። «የስኳር ቀጠሮ አለብኝ። ከዚያ የዓይን። ከዚያ ጉልበቴንም ይዩልኝ ብያለሁ። ካርዱ እስከ ዓመት ይሠራል ብላኛለች ሚስትህ፤ አላህ ይስጣት።»

ሸፊ ዞሮ አየኝ።

«ምን ታየኛለህ?» አልኩት። «ሳይሞላ አይነሳም ያልከው አንተ ነህ። አሁን ሞልቷል። እማማ ደግሞ ፌርማታቸው ሳይደርስ አይወርዱም።»