የዳማው ጥፋት

አልምበክን የማያውቅ የናሪን አውራጃ ሰው አልነበረም። በኮክ ቦሩ ጨዋታ የፍየሉን በድን ከፈረሰኞቹ ግርግር መሀል ጎትቶ አውጥቶ፣ ከጭኑ ሥር ቆልፎ መጋለብ ከጀመረ ከባላጋራው ጉድጓድ ሳይከት የሚያስቆመው የለም። የሚጋልበውም ከውርንጭላነቱ ያሳደገውን ዳማ ፈረስ ነበር።

አንድ መኸር ፈረሶች ተጋጭተው ሲወድቁ አልምበክ ከሥር ሆነ፤ ዳሌው ተሰበረ። በረዶው እስኪቀልጥ አጥንቱ ገጠመለትና ወደ ሜዳ ተመለሰ። ወደ ግርግሩ በተጠጋ ቁጥር ግን ትንፋሹ ይቆረጣል፣ ጉልበቱ የፈረሱን ጎን ይጨምቃል፣ እጁ ሳያውቀው ልጓሙን ይስባል። ዳማውም ቀጥ ይላል።

«ምን ሆነ ይሄ ፈረስ?» አሉ አባቱ ጃፓር፣ በሰው ፊት ተዋርደው የተመለሱ ዕለት።

«ከወደቅን ወዲህ ሐሞቱ ፈሷል» አለ አልምበክ።

ሚስቱ ቡሩል የፈረስ አሠልጣኝ ልጅ ናት። ሻዩን ቀድታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እጅህን አይቼዋለሁ» አለችው። «የምታስቆመው አንተ ነህ። ጨዋታውን ለጊዜው ተወውና ብቻችሁን ወንዝ ወንዙን ሂዱ። እየዘፈንክ ሂድ፤ የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን አያፍንም።»

«ደግሞ ለእኔ ስለ ፈረስ ልታስተምሪኝ?»

«ስለ ፈረስ መች አወራሁ?»

ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ወጣ።

የአጎቱ ሙት ዓመት ሲደርስ እንደ ወጉ ለድግሱ ፈረስ መታረድ ነበረበት። ጃፓር «ፈሪ ከምቀልብ ሰው ይብላው» አሉ። ቡሩል ደጃፉ ላይ ቆማ ባሏን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ዳማው ወደ መታረጃው ሲወሰድ አላንገራገረም፤ የሚስበው አልምበክ ነበርና። ሥጋው ሲታደል ለእሱም ድርሻው ደረሰው። ሽማግሌዎቹ እያዩት ነበር፤ በላ።

አባቱ ጉራቻ ፈረስ ገዙለት። በመጀመሪያው ጨዋታ ጉራቻውም ከግርግሩ አፋፍ ደርሶ ተገተረ።

«ኧረ አልምበክ! ፈረስ የምትገዙት ከፈሪ ቤት ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ አንዱ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ አውካካ።

ቡሩል ያን ዕለት ሻዩን ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችለትና ወደ ሥራዋ ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጉራቻውን ያለ ኮርቻ ወደ ወንዙ ወሰደው። መጀመሪያ መዝፈን አሳፈረው፤ ቆይቶ ግን በለሆሳስ ጀመረ። ትንፋሹ ሲያጥር ይቆማል፣ ጉልበቱን ያላላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አዙሮ ያዳምጠዋል። ሲለምዱ ወደ ከብቱ መንጋ፣ ከዚያም ልምምድ ላይ ወዳሉ ፈረሰኞች ይጠጋ ጀመር። በጋው በዚሁ አለቀ።

መኸር ላይ ግርግሩ ውስጥ ገባ። ፍርሃቱም አብሮት ገባ፤ እጁ ግን ልጓሙን አልሳበም። በድኑን ነጥቆ ወጣ።

ጃፓር እየሮጡ መጥተው የጉራቻውን አንገት አቀፉ። «አላልኳችሁም? ያኛው ፈሪ ነበር! ፈረስ ማለት ይሄ ነው!»

«እውነት ነው ጋሼ ጃፓር!» አለ ሰዉ።

አልምበክ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቡሩል ከሴቶቹ መሀል ቆማ ትጠብቃለች።

«አዎ፣ አባዬ» አለ።

ቡሩል ሻርፗን አጠበቀችና ሳትጠብቀው ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።