ሁለት አፒዮ፣ ሁለት አዶንጎ

ሰው የሚሳሳተው ልብ ባለማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህም በሐይቅ ዳር ከተማችን በኪሱሙ ላለው ሆስፒታል በሠራሁት የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ፣ ነርሷ ከማጽደቋ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ አኖርሁ፤ ኅሊናዬም ዐረፈ።

በመጋቢት ወር ሲስተር ፓሲፊካ ለአንዲት ጨቅላ የታዘዘውን መድኃኒት ለሌላዋ ሰጠች። ሕፃኗ ተረፈች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለችው ነርስ ግን ልትሰናበት ሆነ። አስተዳደሩ ከእኔ የፈለገው አንድ ፊርማ ነበር፦ ጥያቄው ቀርቦላት «አዎ» ማለቷን መዝገቡ ያረጋግጣል ብዬ እንድፈርም። መዝገቡ በእርግጥ ያረጋግጣል። ቢሆንም ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ከቢሮዬ እስከ ሐይቁ ዳር ተመላለስሁ፤ መፈረምም መቅደድም አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሄድሁ። ፓሲፊካ ውሳኔው እስኪሰጥ ሥራ ላይ ነበረች።

«ልትፈርምብኝ ነው የመጣኸው?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«ጥያቄውን አላነበብሽውም እንዴ?»

«በቀን ሁለት መቶ ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ የሚለኝ ባል ቢኖረኝ እስከ ምሳ አላቆየውም ነበር።» ባልደረቦቿ ሳቁ። «ና፣ ተቀመጥ። የአልጋ ስድስቷን አፒዮ አውጣልኝ።»

ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ዝርዝሩ ላይ አፒዮ፣ አዶንጎ፣ አፒዮ፣ አዶንጎ ብቻ ይላል። በእኛ በሉዎ ሕዝብ ዘንድ ከሴት መንትዮች ቀድማ የተወለደችው አፒዮ፣ ተከታይዋ አዶንጎ ናት፤ ተከታዩ ወንድ ሲሆን ኦዶንጎ ይባላል፤ በክፍሉም ሁለት ጥንድ መንትዮች ነበሩ። ስልክ ይጮኻል፤ አንዲት እናት እጅጌዬን ትጎትታለች።

«ፍጠን እንጂ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው።»

አንዷን አፒዮ መረጥሁ። ጥያቄው ብቅ አለ፤ ዐይኔ ሳያነበው ጣቴ «አዎ» አለ።

«ይቺ የአልጋ ሁለቷ ናት» አለች ፓሲፊካ። «መድኃኒቱ እጅህ ላይ ስላልነበረ አመስግን።»

ያ ጥያቄ የፈጸመው ተግባር አንድ ብቻ መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ ጥፋቱን ከእኔ ትከሻ አንሥቶ በእርሷ ላይ ጭኖታል።

«አንተ ራስህ ኦዶንጎ ነህ» አለችኝ የተሳሳተ ምርጫዬን ስሰርዝ እያየች። «በስልክህ የስንት ኦዶንጎ ቁጥር ይዘሃል?»

«የዘጠኝ።»

«እንዴት ትለያቸዋለህ ታዲያ?»

«ኦዶንጎ ጎማ ቤት፣ ኦዶንጎ የሮዳ ልጅ…» ብዬ ወደ ዝርዝሩ ዞርሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ፣ ወንድሜ። ለራስህ ሲሆን ታውቅበታለህ።»

የአስተዳደሩን ወረቀት በዚያው ከሰዓት ሳልፈርምበት መለስሁ። በምትኩ ስሕተቱን የጋበዘው እኔ ያዘጋጀሁት ዝርዝር መሆኑን ጽፌ ፈረምሁበት፤ በየሕፃኑ ስም ፊትም የእናቱን ስምና የአልጋውን ቁጥር አስገባሁ።