ከዛፉ አሥራ አንድ እርምጃ

ዶሪን በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። ትኩስ ሳህን በሁለት ፎጣ ደግፋ ይዛለች፤ ከተፈጨው ሥጋ በላይ የተነጠፈው ድንች ገና ይንተከተካል።

«የትናንቱም እንዳለ ነው እንዴ?» አለች ማቀዝቀዣውን ከፍታ እያየች። «ሬጅን የቀበርኩ ጊዜ በማንኪያ ካላጎረስኩሽ ስትዪኝ የነበርሽ ሴትዮ ነሽ እኮ። አሁን ተራው የኔ ነው፤ ብዪ።»

«እበላለሁ» አለች ቤሪል።

የቤሪል ባል ኔቪል ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። ቀብሩ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው ተብሏል፤ እስከዚያ ባል በቀባሪዎቹ ቤት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ሚስት በገዛ ሳሎኗ ይጠብቃሉ። በመንገድ በኩል ያለው መጋረጃ ተዘግቶ በቀን መብራት ይበራል። እዚህ ስቶክሊ መንደር ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት መጋረጃውን እስከ ቀብር አይከፍትም። አስከሬኑ የተጫነበት መኪና ሲያልፍ ደግሞ የመንገዱ ቤቶች በሙሉ ይዘጋሉ፤ ለቀስተኛው ሲመለስ አብረው ይከፍታሉ። ወጣቶች ይህን ልማድ ትተውታል፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን ወጣት አልቀረም።

የቤሪል ታናሽ እህት ማቪስ ከወደቡ ከተማ መጥታ ቤቱን ይዛዋለች። ሻይ ታፈላለች፣ ኩባያ ታጥባለች፣ መልሳ ታፈላለች።

«የኔቪል ማጨጃ አሁንም ጓሮዬ እንደቆመ ነው» አለች ዶሪን ቁጭ ብላ። «ግማሹ ሳር ታጭዷል፣ ግማሹ እንዳለ ነው። መንካት አቃተኝ። ወድቆ ስደርስለት ዐይኑ እንደተገለጠ ነበር። እጄን ያዘኝና ‹ዶሪን፣ ይቅርታ› አለኝ። ነፍሱ እየወጣች እኮ ነው፤ ሳሩን ሳይጨርስ በመቅረቱ አፍሮ።»

«የጎረቤት ሳር አምስት ዓመት በነፃ የሚያጭድ ወንድ» አለች ማቪስ። «የኔው ጺሙን እንኳ ተለምኖ ነው የሚላጨው።»

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ መጀመሪያ ያለቀሰችው ዶሪን ናት።

«ልሂድ እንግዲህ» አለች ዐይኗን በፎጣው ጠርጋ። «ስልክ ቢደወልስ።»

ዶሪን ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ከቤቷ ርቃ አታመሽም። አንድ ልጇ ኮሊን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ እንደወጣ ቀረ። መርከብ ተሳፍሯል ያለ ነበር፣ ለንደን ውስጥ በዐይኔ አየሁት ያለም ነበር። አባትየው ሬጅ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት የመጨረሻ ንግግሩ «ቁልፉ ያው የአበባው ማሰሮ ሥር ነው በዪው» የሚል ነበር። የሬጅን ሣጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ኔቪል ነው።

ኔቪል ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የተቀበረ ብረት የሚጠቁመውን መሣሪያ የገዛችለት ቤሪል ናት። ቤት ውስጥ እግሯ ሥር እንዳይውል ብላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር። የመጀመሪያውን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሞከረው፣ መሣሪያው ከማንኪያዎቹ መሳቢያ ፊት ጮኸ፣ እሱም እንደ ልጅ ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ማሳ ለማሳ ነው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ክቡን የመሣሪያውን ጫፍ ከመሬት አስጠግቶ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሲጮህለት ይንበረከካል። ብዙ ጊዜ ቁልፍ ነው፣ የጥይት ቀለህ ነው፣ የጠርሙስ ክዳን ነው። አንድ ጊዜ ከጥፍር የቀጠነች የብር ሳንቲም አገኘና ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ገብቶ ቤሪልን ሳማት። ሳንቲሟን ወረቀት ላይ አስቀምጠው እራት ሳይበሉ ሲያዩዋት አመሹ።

ሕግ ነበረው። ባለማሳውን ሳያስፈቅድ አይቆፍርም። የቆፈረውን ጉድጓድ ይደፍናል፤ ሳሩን ቆርጦ ያነሣበትን መልሶ ሲያለብሰው የት እንደነበር ራሱ ባለቤቱ አያገኘውም። ያገኘውን ሁሉ፣ የጠርሙስ ክዳኑን ሳይቀር፣ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ከትቶ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ጽፎበት ክፍሉ ውስጥ ባሉት መሳቢያዎች ያኖረዋል። «ቦታው ያልተጻፈ ነገር ቆሻሻ ነው» ይል ነበር። እጁ ከመጻፍ አይመለስም፤ ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው ነዋ።

የማይረገጥ ማሳ አንድ ብቻ ነበር። የፈረሰው ገዳም ያለበት ማሳ በመንግሥት የተከለለ ነው፤ እዚያ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው ይከሰሳል፣ ከብረት ፈላጊዎቹ ክበብም ይባረራል። ተደብቀው እዚያ የሚቆፍሩትን ኔቪል «ሌቦች» ነበር የሚላቸው። ቤሪል ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

ዓርብ ዕለት የክበቡ ሊቀመንበር ጄራልድ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጣ፣ ሦስተኛውን እምቢ አለ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የምናገረው እኔ ነኝ» አላት። «ልጆቹ ኔቪል ያገኛቸውን ነገሮች ከሣጥኑ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ እንደርድርለት ብለዋል። እንደ ኔቪል ሐቀኛ ሰው በዚህ አውራጃ የለም፣ ቤሪል። ሰው ሲዋሽ ስሰማ የሱን መዝገብ ነው የማሳየው። ከመሳቢያዎቹ ጥሩ ጥሩውን ምረጪልን።»

«ልጆቹ» የሚላቸው ሁሉም ጡረተኞች ናቸው። ቤሪል እመርጣለሁ አለች፤ አንድ የምትሠራው ነገር በማግኘቷም ደስ አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኔቪል ክፍል ገባች። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ሳንቲሟን፣ ሁለት የጫማ ዘለበት፣ አንድ የደወል ስባሪ መረጠች። የመጨረሻው መሳቢያ አልወጣ አለ። ስትጎትተው ከኋላው አንድ ከረጢት ወደቀ።

ውስጡ የእጅ ሰንሰለት ነው፤ መቆለፊያው የተሰበረ፣ ሐኪም ለበሽተኛ የሚያዘው ዓይነት። ጠፍጣፋው ብረት ላይ «ኮሊን ፕራት፣ የስኳር በሽተኛ» የሚል ተቀርጿል። በከረጢቱ ላይ በኔቪል ደህና ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «የገዳሙ ማሳ። ከዛፉ ወደ ምሥራቁ ቦይ አሥራ አንድ እርምጃ። ጥልቀት አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር። መጋቢት ዘጠኝ። አጥንት አለ። ጉድጓዱ ተደፍኗል።» ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱ። አምስት ዓመት ሞልቶታል።

ቤሪል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጠዋት ወዲያው አስታወሰችው። ሳይነጋ ወጥቶ ለቁርስ ተመለሰ፣ እጁን ሙቁ ውሃ እስኪያልቅ ታጠበ። ምን አገኘህ አለችው። «ሽቦ» አላት። በሳምንቱ ቅዳሜ ማጨጃውን እየገፋ ወደ ዶሪን ጓሮ ተሻገረ። «ልታገባት ነው ወይ?» ብላ ቀልዳበት ነበር፤ አልሳቀም። ኮሊን ከአባቱ ተጣልቶ በወጣበት ሌሊት ስኳሩ ወርዶበት ቦዩ ዳር ወድቆ ይሆናል፤ በዚያው ክረምት ቦዩን የጠረጉት ሰዎች ጭቃውን ዳር ዳሩን ሲቆልሉ ሳያዩት አለበሱት። ማንም አልገደለውም። ኔቪል ግን አግኝቶት መልሶ ቀበረው፤ የተከለከለ ማሳ ነበርና፣ መሣሪያውንና ስሙን እንዳያጣ። ጠላችው። ወዲያው ደግሞ ናፈቀችው፤ ሁለቱ አብረው መጡባት፣ የትኛውን እንደምታለቅስ አላወቀችም።

ማቪስ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ከቀብሩ በኋላ ንገሪያት» አለች በሹክሹክታ። ግድግዳው የጋራ ነው፤ በማዶ የዶሪን ሬዲዮ ይሰማል።

«ከቀብሩ በኋላ ምን ይለወጣል?»

«ሰውዬሽ በክብር ይቀበራላ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀች ሴት አንድ ሳምንት ብትጨምር ምን ትሆናለች?»

ቤሪል ነገ አስብበታለሁ ብላ ከረጢቱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እሁድ ዶሪን ሾርባ ይዛ መጣች፤ ቤሪል ነገ አለች። ኔቪልም አንድ ቀን ነገ ብሎ የጀመረው ይሆናል።

ሰኞ ዶሪን ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አኑራ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ነይ፣ ፀጉርሽን ልጠብሽ። እንዲህ ሆነሽ ቤተ ክርስቲያን አትገቢም።»

ቤሪል በወጥ ቤቱ ገንዳ ላይ አጎነበሰች። የዶሪን ጣቶች ጠንካራና ሙቅ ናቸው።

«ኮሊን ትንሽ ሆኖ ሳሙና ዐይኔ ገባ እያለ ሰፈሩን ይረብሽ ነበር» አለች ዶሪን ከላይ። «አሁን አርባ አንድ ሞላው። ተመልጦ ይሆናል፣ እንደ አባቱ።»

ቤሪል ቀና አለች። አረፋው ወደ አንገቷ ወረደ።

«ዶሪን፣ ተቀመጪ።»

«ሳሙናው ሳይለቅ?»

«ተቀመጪ።»

ከረጢቱን አውጥታ ሰጠቻት። ዶሪን ሰንሰለቱን ያወቀችው ሳታነብ ነው። ከዚያ ጽሑፉን፣ በጣቷ እየተከተለች፣ እስከ መጨረሻው ወረደች። ማቪስ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ይሄ የኔቪል ጽሕፈት ነው።»

«አዎ።»

ዶሪን ዓመተ ምሕረቱን እንደገና አየችው። «ሬጅ በሕይወት ነበር» አለች።

«አዎ።»

«አንቺስ መቼ አወቅሽ?»

ዛሬ ብትላት ማን ይጠይቃታል? «ቅዳሜ» አለች ቤሪል።

«ዛሬ ሰኞ ነው።»

«አዎ፣ ሰኞ ነው። ፈራሁ ዶሪን።»

ዶሪን ወደ መስኮቱ ዞረች። «በዚያ ማሳ በኩል ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው» አለች። «በየእሁዱ። ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አርፋለሁ።» ወደ ቤሪል ዞረች። «ይቅርታ ያለኝ ለዚህ ነው? እኔ ሳሩን መስሎኝ። እጁን እያሻሸሁ ‹ሳሩ አይሸሽም፣ አይዞህ› ስለው ነበር።»

ዶሪን ተነሣች፣ እጇን በፎጣው አደረቀች፣ ከረጢቱን ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ ያመጣችውን ሳህን፣ ገና እየተነነ፣ ከጠረጴዛው አንሥታ ይዛው ወጣች። በሩን በክርኗ ነው የዘጋችው። ቤሪል አረፋው ፀጉሯ ላይ እየደረቀ ቆማ ቀረች። በግድግዳው ማዶ ሬዲዮው ጠፋ። ዶሪን በስልክ የልጇን ስም ለፖሊስ ፊደል በፊደል ስትነግር ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ማክሰኞ የገዳሙ ማሳ በገመድ ታጠረ፣ ነጭ ድንኳንም ተተከለበት። ማታ ጄራልድ ደወለ። ከመናገሩ በፊት ብዙ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጆቹ መምጣት ይከብዳቸዋል አለ፤ እሱም ያመዋል። ቤሪል ገባኝ አለችው። ጠረጴዛ ላይ ሊደረደር የተመረጠውን ሁሉ ወደ መሳቢያው መለሰች።

ሐሙስ ሣጥኑን የተሸከሙት ገንዘብ ተከፍሏቸው የመጡ አራት ሰዎች ናቸው። መኪናው ቀስ ብሎ መንገዱን ሲወርድ ቤሪል ከኋላው መኪና ውስጥ ሆና ቤቶቹን አየች። ከሁለቱም ወገን መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ የሰማውም ያልሰማውም ዘግቷል። የዶሪን ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዶሪን መስኮቱ ላይ ቆማለች፣ እጇን አጣምራ። አንጓዋ ላይ ሰንሰለቱ በክር ታስሯል። ጓሮዋ በአጥሩ በኩል ይታያል፤ ግማሹ ሳር ታጭዷል፣ ግማሹ ጉልበት ደርሷል። ቤሪል ፊቷን አላዞረችም፤ መታየት አለብኝ ብላ አሰበች።

ቄሱ አጭር ጸሎት አደረሰ። ስለ ሟቹ ምንም አልተነገረም። አፈሩ ሲመለስ ቤሪል ሰዎቹ ሳሩን እንዴት እንደሚያለብሱት እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ኔቪል ቢሆን ያን ያህል አያዝረከርከውም ነበር።

ሲመለሱ መንገዱ ተከፍቷል። ከላይ እስከ ታች መስኮቱ ሁሉ ብርሃን እያስገባ ነው። የዶሪን መጋረጃ ብቻ አሁን ተዘግቷል፤ በራፏ ላይ የፖሊስ መኪና ቆሟል፣ የአበባው ማሰሮ ተገልብጦ ቁልፉ ከሥሩ ተነሥቷል።

ማቪስ ቀድማ ገባች። ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ሄዳ የሳሎኑን መጋረጃ ግራና ቀኝ ገፈፈችው። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ወረደች፤ የኔቪል ወንበርና የተጫነው አቧራ ታየ።

«ይኸው» አለች ማቪስ። «ቤቱ ይተንፍስ።»

ቤሪል ካፖርቷን እንደለበሰች በእህቷ አጠገብ አልፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። የመጋረጃውን ሁለት ጫፍ ያዘች።

«ኧረ ቤሪል፣ ተቀበረ እኮ።»

«ኮሊን አልተቀበረም» አለች ቤሪል፣ ሁለቱንም ጫፍ ስባ መሐል ላይ አገናኘቻቸው።