ከዳሱ ጣራ የወረዱት ሽንኩርቶች

እንግዶቹ የመጡት ሐጃ በቱል ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ታችኛው መንደር በወረዱበት ቀን ነው። የኢኽላስ ባል አጎት፣ ጣሂር፣ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከአትባራ ድንገት ደረሱ። ባሏ ፖርት ሱዳን ለሥራ ሄዷል። እሷ የኦምዱርማን ከተማ ልጅ ናት፤ ወደ አማቷ ወደ ሐጃ ቤት ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። ከዚያ በፊት ሽንኩርት ገበያ ላይ እንጂ መሬት ውስጥ አይታ አታውቅም።

ሥጋ የለም። ያለው ባሚያ ነው፤ ባሚያ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ ይሆናል? ጆንያው ውስጥ የቀሩት ሽንኩርቶች አቆጥቁጠው ለስልሰዋል። ቀና ስትል ከዳሱ ጣራ የተንጠለጠለውን ቅርጫት አየች። ቡጢ የሚያህሉ፣ ቀይ፣ ድርቅ ያሉ አሥራ ሁለት ሽንኩርቶች። ለእንግዳ የሚቀርበው የቤቱ ምርጥ ነው፤ በዚህ ኦምዱርማንም ሆነ መንደሩ አይለያዩም። በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደቻቸው።

"ይሄ የበቱል ሽንኩርት ነው!" አሉ ጣሂር በኪስራ ቂጣ እያጠቀሱ። "ለእኔ አንድ ቀን አውርዳልኝ አታውቅም። አንቺ ግን ልበ ሰፊ ነሽ፣ ልጄ።"

ኢኽላስ ደስ አላት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐጃ ተመለሱ። አህያቸውን ሳያስሩ ወደ ጣራው ቀና አሉ።

"ኢኽላስ! ዘሬ የት ሄደ?"

"የምን ዘር፣ እማማ?"

ሐጃ ጠፍር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ከመኸሩ ሁሉ መርጬ ያኖርኩት ነው። በዚህ ሳምንት ተክዬው፣ አብቦ ዘር ሊሰጠኝ። የእናቴ ሽንኩርት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘር ገዝቼ አላውቅም።"

"ለብቻው ስለሰቀሉት... ለክብር እንግዳ መሰለኝ። አጎት ጣሂር መጥተው ነበር።"

"ለክብር እንግዳ! ለጣሂር!"

የኢኽላስ ዓይን እንባ ሞላ። "ቤት ለቤት ዞሬ ዘር እለምናለሁ።"

"የማንን? የጎረቤታችንን የዘይነብን ነጩን? እሱ ሁለት ወር ሳይቆይ የሚበሰብሰውን?" አሉና በድንገት ከአልጋው ብድግ አሉ። "ቂጡን የት ጣልሽው?"

ኢኽላስ አፈረች። አራት ወር ሙሉ የተቀለደባት በዚሁ ነው፤ ሽንኩርት ስትከትፍ የሥሩን ጫፍ ሁለት ጣት አወፍራ ቆርጣ ትጥላለች። "የከተማ ቢላ ግማሹን ለፍየል ያበላል" ይሏት ነበር ሐጃ።

"ለፍየሏ... ባልዲው ውስጥ።"

ሁለቱም ሮጡ። ፍየሏ እስከ ጆሮዋ ባልዲው ውስጥ ገብታለች።

"ቀንዷን ያዣት! ጅራቷ ምን ያደርግልሻል?"

ሰባት ተረፉ፤ ሁለቱ ተነክሰዋል። ሐጃ እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ወደ ብርሃን አስጠጉ። "እኔም ስተክል አናቱን ቆርጬ ነው፤ ቡቃያው ቶሎ እንዲወጣ። እምብርቱ ካልተነካ ከቂጡም ይበቅል ይሆናል።" አምስቱን የተቆረጠ ፊታቸው ላይ አመድ ነስንሰው ጥላ ውስጥ አደረቋቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ በሞሎኪያውና በጀርጂሩ የቅጠላ ቅጠል መደቦች መካከል ኢኽላስ አምስት ጉድጓድ ቆፈረች። ሐጃ ወገቤን አሞኛል ብለው ቆመው አዩ። ወገባቸውን ግን አላመማቸውም።

ከዚያ በኋላ ኢኽላስ ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳትቀምስ ወደ መደቡ መሄድ ጀመረች። አፈሩን ታየዋለች፤ አንዳንዴ በጣቷ ልትጭረው ይቃጣትና ትተወዋለች። በዘጠነኛው ቀን አራቱ አረንጓዴ ጫፍ አወጡ። አምስተኛው በስብሷል።

"አራት ይበቃል?" አለች።

"ለአንድ መደብ የሚሆን ዘር ይወጣዋል። ከዚያ እየበዛ ይሄዳል፤ እናቴም ከአንድ መደብ ነው የጀመረችው።"

ያን ቀን ለምሳ ስትከትፍ የሥሩን ጫፍ እንደ ወረቀት አሳስታ ቆረጠች። ሐጃ በትከሻዋ በኩል አዩና እጇን ያዙት።

"እንደ ድሮሽ አወፍሪው።"

"ብክነት ነው ሲሉኝ አልነበር?"

"ነው እንጂ። ግን ጣሂር ተመልሶ ቢመጣስ?"