ለአዲሱ ተሳቢ ስንት ይቆጠራል?

አምስት ሾፌሮች በጭነት ድርጅቱ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አዲሱ ደንብ ከወጣ ገና ወር አልሞላውም፤ ተሳቢ እስከ አስራ ስምንት ሜትር መርዘም ይችላል ይላል። ድርጅቱም ጊዜ አላባከነም፤ ሃያ ረጃጅም ተሳቢዎች አስመጥቶ በአጥሩ ጥግ ደረደራቸው። ፈተናውን ያለፈ ይነዳቸዋል፣ የወደቀ በር ጠባቂ ይሆናል። ድጋሚ ፈተና የሚባል ነገር የለም።

ከአምስቱ በዕድሜ ትልቁ ቆጣሪው ነው። ይህን ቅጽል ካወጡለት ብዙ ዘመን ስለሆነው እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ቤተሰቡና የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ አንድም የበር ቋሚ ጭሮ አያውቅም። ዘዴው ቀላል ነው፤ በአንደኛ ማርሽ እየተሳበ፣ ጋቢናው ቋሚውን ካለፈባት ቅጽበት ጀምሮ በልቡ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲሞላ መሪውን ይጠመዝዛል። ቀድሞ የጠመዘዘ ሰው የኋላ ጎማው ቋሚውን ይዞ ይሄዳል፤ የዘገየ ደግሞ ፊት ለፊት ካለው አጥር ጋር ይተዋወቃል።

«አስራ ሁለት ሜትር ሳለ ስንት ነበር የምትቆጥረው?» አለው ዱባ። ዱባ ስሙን ያገኘው ከሆዱ ነው፤ እሱም አይከፋውም።

«ሦስት።»

«አስራ አራት ሲሆንስ?»

«አራት። መልሰው ሲያሳጥሩት እንደገና ሦስት። እጄ አልሰማ ብሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥር ላጥር ስሄድ ከረምኩ።»

የማሳጠሩ ነገር ከተነሳማ ማን ዝም ይላል! በዚያ ዓመት አስራ አራት ሜትር በዛ ተባለና በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም እንዲቆርጥ ታዘዘ። ከዓመት በፊት ብረት አስበይደው ያስረዘሙት ሰዎች ያንኑ ብረት ሊያስቆርጡ በያጁ ደጃፍ ላይ ተሰለፉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ተቆርጦ የቀረው ጭራ ለአንዱ የዶሮ ቤት፣ ለሌላው የጓሮ አጥር ሆነ።

«እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ነው የቆረጥኩት» አለ ዱባ። «ልክ አስራ ሁለት አድርጌ ብወጣ ተቆጣጣሪው ለካና ‹ሃያ ሳንቲ ሜትር ትርፍ አለህ› አለኝ። ተመልሼ ቆረጥኩ። የሚቀጥለው ኬላ ላይ ያለው ደግሞ ‹አንተ ሰውዬ፣ ለምን አጎደልከው?› ይለኛል። ለካ የመጀመሪያው ሰውዬ ሜትር ጫፉ ተበጥሶ ከሃያ ነበር የሚጀምረው! የተሳቢዬ የኋላ በር አልገጥም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ በገመድ አስሬው ነዳሁ።»

ሳቁ። ቆጣሪውም ሳቀ፣ ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ጀምሮታል። ቅርቡን ደህና አድርጎ ያያል፤ ሩቁ ግን ጭጋግ ነው። አስራ ምናምን ሜትር ርቆ ያለውን የተሳቢውን ጭራ በስፖኪዮ ሲፈልገው ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና አድርግ ብሎታል። ለቀዶ ሕክምናው ቢተኛ ፈተናው ያልፈዋል፣ ለጡረታው የቀሩትን ሦስት ዓመታት በር ላይ ቆሞ የሌላ ሰው ተሳቢ ሊያስገባ ነው። ስለዚህ ነገሩን በሆዱ ይዞ ይቆጥራል። ድሮ መቁጠሩ ብልሃቱ ነበር፤ ዛሬ ዓይኑ ሆኗል። ለምን ስፖኪዮ አታይም ሲሉት «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላቸዋል፣ እነሱም እንደ ጥበብ ይቆጥሩለታል።

ፈታኙ ታናሽ ወንድሙ ነው። መንዳት ያስተማረው ቆጣሪው ራሱ ነበር፣ በዚያው በአስራ ሁለት ሜትሩ ተሳቢ።

«ጋሼ፣ ይግቡ» አለው ወንድሙ፣ ወረቀቱን በክንዱ ሥር ይዞ። «በሩን ይወጡና ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። እኔ ከጭራው አጠገብ እቆማለሁ፣ በቀኙ ስፖኪዮ ይዩኝ። ቀይ ጨርቅ ካነሳሁ ወዲያው ያቁሙ፤ አረንጓዴ ካነሳሁ ይቀጥሉ።»

«ገባኝ።»

ቆጣሪው ወደ ጋቢናው ወጣ። ለአስራ ስምንት ሜትር ስንት እንደሚቆጠር ማንም አልነገረውም። ሦስት ቀን ሙሉ የግቢውን አፈር በእርምጃ እየለካ ያወጣው ቁጥር አምስት ተኩል ነው። ሞተሩን አስነሳ። ቋሚው በትከሻው አጠገብ ሲያልፍ ጀመረ። አንድ። ሁለት። ስፖኪዮውን አየ፤ ጭጋግ። ሦስት። ቀይ ቢሆንስ? አራት። አምስት። አምስት ተኩል። ጠመዘዘ።

ያ ሁሉ ርዝመት ተከትሎት ወጣ። የኋላ ጎማው ከቋሚው በአንድ ክንድ ርቆ አለፈ። ከወንበሩ ላይ ጭብጨባ ተሰማ፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የዱባ ነበር። የቆጣሪው ልብ ሞላ። ዕውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ወንድሙ እየተራመደ መጥቶ ጋቢናው ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን አነሳሁ?»

ቆጣሪው ዓይኑን በጨው አጥቦ «አረንጓዴ» አለ። «አላቆምኩም፣ አላየህም እንዴ?»

ወንድሙ መሬት መሬቱን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምንም አላነሳሁም» አለ። «ዓይንዎ ሩቁን እንደማያይ ጠርጥሬ ነበር። ቀዩን አንስቼ ባያቆሙ ደንቡ እዚያው ወድቋል ብለህ ጻፍ ይለኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ጨርቅ ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ተሳቢው ከልሎኝ ነበር፣ ማንም አላየም። ወረቀቱ ባዶ ነው። ምን ልጻፍ?»

ቆጣሪው ወንድሙን አየው። ከዚህ ቅርበት ፊቱ አንድም አልጠፋውም፤ ዓይኑ እንባ ማቅረሩ እንኳ ይታያል። ያን ጊዜ አፈረ፤ ሰው ፊት አይደለም፣ በዚህ ልጅ ፊት። ሞተሩን አጠፋ።

«ያየኸውን ጻፍ» አለው።

ወርዶ ወደ ወንበሩ ሄደ። ዱባ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። «እንኳን ደስ ያለህ! እኛንም ቁጥሩን ንገረን እንጂ፣ ስንት ነው?»

«ወድቄያለሁ።»

«ሂድ ወዲያ! ጭረት እንኳ የለበትም።»

«ዓይኔ አያይም» አለ ቆጣሪው። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። «ሩቁን ካላየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ዱባ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ መለሰ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከፊትህ የምነዳው እኮ እኔ ነበርኩ» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ቆጣሪው። «የኋላ መብራትህ ሲበራ ብቻ ነበር የማይህ።»