መርዶ ቆሞ አይነገርም

ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ ደግ ልጅ ነበር፤ አልዋሽም። ሐኪሞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ ፕሮጀክተሩን ግድግዳው ላይ አብርቶ፣ «ውጥረት ሲሰማችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በአፍንጫ አየር ሳቡ፣ በአፍ ልቀቁ» አለን። ሳብን፣ ለቀቅን። ደብረ ማርቆስ መቼም አየር አይቸግርም! ቀጥሎ «ለታካሚያችሁ ፈገግ በሉ» ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠው ዶክተር አምደሚካኤል ድንገት ተነሥቶ ወጣ። በሩንም በኃይል ዘጋው።

እኔ ዶክተር ማንጠግቦሽ ነኝ። ያኔ፣ የሚሌኒየሙ ማግስት መሆኑ ነው፣ ሆስፒታሉን የምመራው እኔ ነበርኩ። ሰው ቁጣዬን ይፈራል፤ ይፍራ! የእኔ ቁጣ እንደ ገለባ እሳት ነው፣ ቦግ ብሎ ይጠፋል። የአምደሚካኤል ግን አልጠፋ አለ። ልጁ ሲመጣ እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ የታረመ ቀዶ ሐኪም ነበር። ያንን ሁሉ አገር የሚያገለግል ሌላ ቀዶ ሐኪም አልነበረንም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አስታማሚ ላይ ይጮኻል፣ ነርስ ያስለቅሳል። አንዲት አሮጊት ላይ «መድኃኒቱን የማይውጡ ከሆነ ለምን መጡ!» ብሎ ሲያንባርቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተከትዬው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ሰኞ እሄዳለሁ ዶክተር። ሕክምናውን ትቼዋለሁ። አጎቴ አዲስ አበባ መድኃኒት ያስመጣል፤ እሱ ጋ ቢሮ እቀመጣለሁ።»

«ይሄ ሁሉ በሽተኛስ? በማን ላይ ጥለኸው?»

ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ይንቀጠቀጣሉ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

ነገሩ ከመቼ እንደ ጀመረ አውቃለሁ። ከወር በፊት ወለተ ሰንበት የምትባል ወጣት፣ አንጀቷ ተጠማዞ፣ ጎረቤቶቿ ከሮብ ገበያ በኩል በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተዋት ነበር። ስትደርስ አንጀቷ ሞቷል። እንዲያም ሆኖ ኦፕራሲዮን አደረጋት፤ አልተረፈችም። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ባሏን አለበልን አገኘውና፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ «አዝናለሁ፣ አርፋለች» ብሎት አለፈ። ሌላ ቁስለኛ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ይጠብቀው ነበር። ምን ያድርግ?

እዚያው ዛፉ ሥር እንደ ቆምን ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ዶክተር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ መጥቷል። ዶክተር አምደሚካኤልን ካላየሁ ይላል። ዱላ ይዟል!»

አምደሚካኤል ፊቱ አመድ መሰለ። «ደም ሊመልስ ነው» አለ።

«እንዴ! ጎጃም ውስጥ ዱላ ያልያዘ ገበሬ ካየህ እሱን ፍራ» አልኩት። «አስገባው» አልኩ ዘበኛውን።

አለበል ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ መጣ። ዱላውን ዛፉ ላይ አስደግፎ እጅ ነሣ። እኔን ሰላም ብሎ ወደ አምደሚካኤል ዞረ።

«ገደሏት ልል አልመጣሁም» አለው። «የፈጠራት ወሰዳት። ግን ዶክተር፣ እንዴት አስቁመው ያረዱኛል? መርዶ እኮ ቆሞ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ ሰው ተቀምጦ ይሰማል፣ ሲወድቅ የሚይዘው አለ። እኔን የያዘኝ ግድግዳው ነው። የተሸከሟት ጎረቤቶቼ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ነበር፤ ተመልሰው ‹እንዴት ሆነችልህ?› ሲሉኝ የገዛ ሚስቴን መርዶ ነጋሪ እኔው ሆንኩ።»

ለአምደሚካኤል ዱላውን ቢያነሣበት ይሻለው እንደ ነበር ከፊቱ አየሁ።

«አሁን የመጣሁት ለሌላ ነው» አለ አለበል። «እናቷ የሚኖሩት አምበር ነው፤ አልሰሙም። የወንድ ልጃቸው ተዝካር ሳይወጣ ይሄን መጨመር ከብዶን ደበቅናቸው። አሁን ተዝካሩ ስለ ወጣ ነገ ሲነጋ ልናረዳቸው ነው። መጨረሻዋን መጠየቃቸው አይቀርም፤ እኔ ደጅ ነበርኩ፣ አላየሁም። ያዩዋት እርስዎ ነዎት። ይምጡልኝ።»

«አልችልም» አለ አምደሚካኤል።

«ይመጣል» አልኩ እኔ።

አለበል እንደ ሄደ ተናነቅን። «ሥራዬ ማከም ነው፤ ሐኪም ለቅሶ አይደርስም!» አለኝ።

«ለዚህ ነዋ እጅህ የሚንቀጠቀጠው! ስንት ሰው ሞተብህ? የአንዱን ለቅሶ ደርሰሃል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም? አንተ ሁሉንም ለብቻህ ተሸክመህ፣ ሲከብድህ በአሮጊት ላይ ትጮኻለህ። አሠልጣኙ አየር ሳብ አለህ፤ ሳብክ። ወጣልህ? አልወጣልህም! ነገ አምበር ትሄዳለህ። ከዚያ በኋላ ሰኞ መሄድ ካማረህ፣ ሻንጣህን እኔው ተሸክሜ እሸኝሃለሁ።»

አላመነኝም፤ ግን መጣ።

አምበር ስንደርስ ሰማዩ ገና መቅላቱ ነበር። አለበል፣ ሽማግሌዎቹና የእናትየዋ የነፍስ አባት አባ ኃይለ ሚካኤል ከቤታቸው አጥር ሥር ተሰብስበው ይጠብቁን ነበር። ማንም አይናገርም። የሰፈር ሴቶች ቀድመው ገብተዋል፤ እሳቱን አዳፍነዋል፣ ራሳቸውን እንዳይጎዱበት ማጭዱን ከግድግዳው አውርደዋል፣ ግራና ቀኝ እንዲይዟቸው ሁለት ጠንካራ ሴቶች አዘጋጅተዋል። እኛ ተከትለን ስንገባ እናትየዋ እማማ ወለተ ኪዳን ያን ሁሉ ሰው አዩና ገባቸው።

«ማን ነው? ማንን ነው የቀበራችሁብኝ?»

«ተቀመጪ ወለተ ኪዳን» አሉ አባ። ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧቸው። ሁላችንም ተቀመጥን። «ወለተ ሰንበት አርፋለች» አሉ አባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምኑን ልንገራችሁ! ቤቱ ጩኸት ብቻ ሆነ። እሳቸው ሊፈጠፈጡ ሲሉ ሴቶቹ ያዟቸው፤ ደረታቸውን ሲደቁ እጃቸውን ያዟቸው፤ አብረዋቸው አለቀሱ። አምደሚካኤል በሩን በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት።

ፀሐይ በበሩ ስትገባ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። በሹክሹክታ «ስትሞት ማን ነበር አጠገቧ?» አሉ።

አለበል ወደ እኛ አመለከተ። የአምደሚካኤልን ኮት ለቀቅሁት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፎ ሄደና ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ ነበርኩ እማማ። ያከምኳት እኔ ነኝ።»

«ተሠቃየችብኝ?»

«ካስተኛናት በኋላ አልተሠቃየችም። ከዚያ በፊት ግን በጣም አሟት ነበር፤ አልዋሽዎትም። ከረፈደ ነው የደረሰችልኝ። የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። አልበቃም።»

«ምን አለች?»

ይሄን እኔም አላውቅም፤ ለማንም አልነገረም።

«ከመተኛቷ በፊት እጄን ያዘችና ‹እናት አለችህ?› አለችኝ። አለችኝ አልኳት። ‹የእኔም አለች፤ ለእሷ ብለህ አደራ› አለችኝ።» እጆቹን ዘረጋላቸው። «አደራዋን በላሁ እማማ።»

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሴትዮዋ «አዎን በላህ» ካሉት ይሄ ልጅ ዳግመኛ ሰው አያክምም፤ እዚያ ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አምላኬን ለመንኩ።

እማማ ወለተ ኪዳን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተንስ ማን አረዳህ ልጄ?»

አልገባውም። «እንዴት እማማ?»

«ስትሞትብህ ማን ነበር ከአንተ ጋር? ማን ያዘህ?»

«ማንም።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው ሴቶቹን አዩ። «ለዚህ ልጅ ቦታ ልቀቁለት» አሉ። «ሐዘንተኛ ነው።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉለት። እጁን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡትና «እግዜር ያጥናህ» አሉት። አባ ኃይለ ሚካኤልም ደገሙት። ከዚያ አለበል ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ፣ ዝቅ ብሎ ትከሻውን ነካና «እግዜር ያጥናህ ወንድሜ» አለው። ይሄኔ አምደሚካኤል አለቀሰ። ቤተ ዘመድ እንደሚያለቅሰው፣ ጮክ ብሎ፣ ሳያፍር አለቀሰ። እኔም ቁጭ ብዬ አነባሁ፤ ምን ይደብቁታል!

እስኪወጣለት ማንም አልቸኮለም። ሲበቃው ፊቱን በመሐረቡ ጠረገ፣ የእማማን ጉልበት ስሞ ተነሣ።

መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስን። ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ እየነዳሁ ሳለሁ፣ አላስችለኝ አለ።

«እሺ፣ ሰኞን እንዴት ላድርግልህ?» አልኩት።

«ሰኞ ኦፕራሲዮን አለብኝ» አለ። «ከደብረ ኤልያስ የመጡት ሰውዬ ናቸው፤ ነገሩ ከባድ ነው። ነገ ቤተሰባቸውን ጥሩልኝ ዶክተር፤ አንድ ሰው ብቻ እንዳይመጣ። ኮሪደሩ ላይም አይሆንም። ሁላችንም የምንቀመጥበት ክፍል ይፈለግልኝ።»